ለቤትና ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ጠባቂ ስለ መምረጥ

ለመምህራንና ለሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

አስተዋይ ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ አስቀድሞ ጥርሱን ያያል፤ ሰኰናውን ያነሣል፤ አረማመዱን ይመለከታል። ገዝቶም ወደ ቤቱ ባመጣው ጊዜ በዚያው ቀን ከመንጋው ጋራ አይቀላቅለውም፤ ጥቂት ቀን ለብቻው አስሮ ይጠብቀዋል እንጂ። ይህንም የሚያደርገው ሻጩን ሌባ ነው ብሎ አይደለም። በሽታ በዓይን እንደማይታይ፥ አንድ የታመመ ከብትም መንጋውን ሁሉ ሊፈጅ እንደሚችል ከአባቶቹ ስለ ተማረ ነው።

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ የተገኘው በብዙ ኀዘን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በምጥዋ ወደብ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋራ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ወደ አገር ገባ። የእርሻው በሬ አለቀ፤ ማሳው ጦሙን አደረ፤ ክፉ ቀን የተባለውም ረኃብ ተከተለ። ያ በሽታ ከብዙ ዘመን ድካም በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ እንደ ጠፋ ታወጀ። የጠፋውም በክትባት ብቻ አይደለም፤ የታመመውን ከጤነኛው በመለየት፥ እንቅስቃሴውን በመከታተል፥ ሰው ሁሉ ምልክቱን እንዲያውቅ በማስተማር ጭምር ነው እንጂ።

ዛሬ ደግሞ በየመንደሩ ሌላ ዓይነት ሀብት ገብቷል፤ ይኸውም ኮምፒውተር ነው። በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተማሪዎች ስምና ውጤት፥ የዕድር ወይም የአፎሻ ሒሳብ፥ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፥ የርስት ደብዳቤ ይቀመጣል። ይህም ሀብት የራሱ በሽታ አለው። በሽታውን አውቆ ጠባቂ የመረጠ ሰው ይድናል፤ ሳያውቅ የገባ ግን የብዙ ዓመት ሥራውን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው መምህሩና ሽማግሌው ጠባቂውን በማስተዋል እንዲመርጡ፥ የመረጡትንም ለሌላው እንዲያስተምሩ ነው።

ስለ ገበያው

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. በደረሰላት ጊዜ ያደገች የንግድ ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ ከተማዪቱን ከሁለት ከፍሎ ከዚራንና መጋላን ይለያል። ከከተማዪቱም ገበያዎች አንዱ ታይዋን ይባላል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በዚያ ስለሚገኝ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይሄድበታል።

እንግዲህ ከድሬዳዋ ዙሪያ ከሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለመምህራኑ ጉዳይ አንድ ላፕቶፕ ይገዛ ዘንድ አንድ መምህር ወደ ታይዋን ተላከ እንበል። የወላጆች መዋጮ በኪሱ ነው። የገዛው ዕቃ ቢበላሽ ዳግመኛ የሚዋጣ ገንዘብ የለም። ይህ መምህር ዕቃውን ሲመርጥ ስለ መልኩና ስለ ፍጥነቱ ይጠይቃል፤ ስለ ጠባቂው ግን ሳይጠይቅ ይመለስ ይሆናል። ብዙ ጊዜም ነጋዴው ራሱ፦ «አንቲቫይረስ ልጫንልህን?» ይለዋል። መምህሩ ምን ብሎ ይመልስ? ለዚህ መልስ መስጠት የሚችለው አስቀድሞ በሽታው ምን እንደ ሆነ ሲያውቅ ነው።

ቫይረስ ምን እንደ ሆነ

የኮምፒውተር ቫይረስ ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ በአየርም በአቧራም አይመጣም። ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተሩ «ይህን አድርግ፥ ቀጥሎም ይህን አድርግ» እያለ የሚያዝ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ቫይረስ የተባለውም ባለቤቱ ሳይፈቅድ ራሱን ከሌላ ፕሮግራም ጋራ እያጣበቀ የሚባዛ፥ ከአንዱም ወደ አንዱ የሚተላለፍ በመሆኑ ነው።

በግል ኮምፒውተሮች ላይ መጀመሪያ እንደ ተስፋፋ የሚነገርለት ብሬን የተባለው ቫይረስ ነው። በ1978 ዓ.ም. በፓኪስታን፥ በላሆር ከተማ፥ ሁለት ወንድማማቾች ጻፉት፤ በዚያ ዘመን በነበረው ፍሎፒ ዲስክም እየተላለፈ ከአገር ወደ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓይነቱ እጅግ በዝቷል፤ ለመምህር የሚጠቅመው ግን አራቱን ዋና ዋና ወገኖች መለየት ነው።

አንደኛው ከላይ የተነገረው ቫይረስ ነው። ሁለተኛው ትል ይባላል፤ ማንም ሳይነካው በመረብ በኩል ራሱን እያባዛ ይጓዛል። ሦስተኛው ትሮጃን ይባላል፤ ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ ገብቶ በስውር ይሰልላል ወይም ለሌባ በር ይከፍታል። አራተኛው ቤዛ ጠያቂው፥ ራንሰምዌር የሚባለው ነው፤ የሰውን ጽሑፍና ፎቶግራፍ በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል።

ስለ አራተኛው አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ተነሥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ሕሙማንን እስከ መመለስ ደረሱ። ከእያንዳንዱ ባለ ኮምፒውተርም 300 ዶላር የሚያህል ይጠይቅ ነበር። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ትሉ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ጥፋቱ ከመድረሱ ሁለት ወር አስቀድሞ፥ መጋቢት 5 ቀን፥ ከማይክሮሶፍት ወጥቶ ነበር። ማስተካከያውን የተቀበሉ ዳኑ፤ ነገ ይደረጋል ብለው የቈዩት ተያዙ።

በየት በኩል እንደሚገባ

ሌባ የሚገባበትን በር ያላወቀ ጠባቂ የትኛውን በር እንደሚጠብቅ አያውቅም። በገጠር ትምህርት ቤትና በቤት ኮምፒውተር ዘንድ አምስት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው በር ፍላሽ ነው። መምህሩ ፈተና አዘጋጅቶ በፍላሽ ይዞ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ በፎቶ ኮፒ ቤት ያሳትማል፤ ተመልሶም ያንኑ ፍላሽ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። በማግሥቱ ፍላሹን ቢከፍተው ጽሑፎቹ ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት የሚባሉ ባዶ ምልክቶች ይታዩታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል፤ በዚያውም ጽሑፉን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ እንደ ልማዱ ጽሑፉን አያጠፋም፤ ይሰውረዋል እንጂ። ምልክቱን ሳይነኩ፥ አስቀድሞ ፍላሹን በጠባቂ አስመርምሮ፥ ቀጥሎም የተሰወሩ ፋይሎች ይታዩ ዘንድ ኮምፒውተሩን ቢያዙት ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በቦታው ይገኛል።

ሁለተኛው በር ክራክ የሚባለው ነው። ዋጋ የሚጠየቅበትን ፕሮግራም ያለ ዋጋ ለመክፈት የተሠራ የተሰረቀ ቁልፍ ማለት ነው። ይህን ቁልፍ የሚያሠራጭ ሰው አስቀድሞ፦ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ብሎ ያዝዛል። ሊገባ ሲል ውሻው ይታሰር የሚል እንግዳ ምን ይዞ እንደ መጣ ማን ያውቃል?

ሦስተኛው በር መልእክት ነው። በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ 26 ቀን ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ ትል የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል እየተላከ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዘ። ሰዎቹ የከፈቱት የሚያውቁት ሰው ስም ስላዩበት ነው። ዛሬም በቴሌግራም የሚላክ «የፈተና መልስ» ወይም «የሥራ ማስታወቂያ» እንደዚሁ ነው፤ ላኪው ወዳጅ ቢሆንም ወዳጁ ራሱ ሳያውቅ ተይዞ ይሆናል።

አራተኛው በር ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ ይህም በዋናክራይ ታሪክ ታይቷል።

አምስተኛው በር አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ከሌላ ሰው እጅ የወጣ ዕቃ የቀድሞውን ባለቤት ፕሮግራምና በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጠባቂው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ

አንቲቫይረስ የሚባለው ጠባቂ ሥራው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሥራው ምልክት ማወቅ ነው። ሠሪዎቹ በዓለም ላይ የተገኙትን ክፉ ፕሮግራሞች ምልክት እየመዘገቡ ዝርዝሩን ወደ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይልካሉ። ጠባቂውም የሚገባውን ፋይል ሁሉ ከዝርዝሩ ጋራ ያስተያያል። ስለዚህ ዝርዝሩ ያልታደሰ ጠባቂ የአምናውን ሌባ ፎቶግራፍ ይዞ የዘንድሮውን ሌባ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ጠባይ መመልከት ነው። አንድ ያልታወቀ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ጽሑፎችን መቈለፍ ወይም ራሱን በየቦታው መገልበጥ ቢጀምር፥ ጠባቂው ስሙን ባያውቀውም እንኳ ይይዘዋል። የያዘውንም ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ብዙ ጊዜ ለብቻው በመለያ ስፍራ ያኖረዋል፤ ይህም ገበሬው የተጠረጠረውን በሬ ለብቻው እንደሚያስረው ነው።

ነገር ግን ጠባቂ ሁሉን ይይዛል ብሎ መታመን አይገባም። ፍሬድ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ማናቸውንም ቫይረስ ያለ አንዳች ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊሠራ አይቻልም። እንግዲህ «መቶ በመቶ እጠብቃለሁ» የሚል ማስታወቂያ እውነተኛ አይደለም። ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ጠባቂ ብቻውን ግን አይበቃም።

ለመምረጥ የሚገቡ ሰባት ጥያቄዎች

1ኛ፤ የኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ዘመኑ ያላለፈበት ነውን? የቤቱ ግድግዳ ከፈረሰ ዘበኛ ቢቀጠር ጥቅሙ ጥቂት ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ኤክስፒን ቀዳዳ መድፈን መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቆመ፤ የዊንዶውስ 7ን ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቆመ፤ የዊንዶውስ 10ም መደበኛ እንክብካቤ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያገኙት ለተጨማሪ ጊዜ የተመዘገቡ ብቻ ሆኑ። ስለዚህ በታይዋን ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ፦ «ይህ ዕቃ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላልን?» ብሎ ይጠይቅ። የማይቀበል አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው ግን ተስፋ አይቊረጥ፤ ሊኑክስ የተባለውን፥ ያለ ዋጋ የሚገኘውንና ጽሕፈትም ሒሳብም የሚሠራውን ዋና ፕሮግራም ሊያስጭንበት ይችላል። በቤት ኮምፒውተሮች ላይ የሚዞሩት ቫይረሶች አብዛኞቹ ለዊንዶውስ የተጻፉ ስለ ሆኑ ሊኑክስን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

2ኛ፤ ከዊንዶውሱ ጋራ የመጣው ጠባቂ ይበቃልን? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ማለት ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፥ ዲፌንደር የተባለው ጠባቂ ከዊንዶውሱ ጋራ አብሮ ይመጣል፤ ሌላ ዋጋም አይጠየቅበትም። በመጀመሪያው ዘመን ደካማ ነው ይባል ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ገለልተኛ መርማሪዎች ከታወቁት ጠባቂዎች ጋራ አስተያይተው ጥሩ ውጤት ሰጥተውታል። ስለዚህ ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት፥ ዊንዶውሱ እውነተኛና የታደሰ ከሆነ፥ ይህ ጠባቂ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አስፈላጊው ነገር አለመጥፋቱን ማረጋገጥ ነው። ክራክ የገባበት ኮምፒውተር ላይ ጠባቂው ጠፍቶ ይገኛልና።

3ኛ፤ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ይሻላልን ወይስ የሚከፈልበት? ያለ ዋጋ ከሚሰጡት ውስጥ መልካሞች አሉ፤ ነገር ግን ሰጪው ትርፉን ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ ብልህነት ነው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፥ አቫስት የተባለው የታወቀ ድርጅት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አካሄድ መዝግቦ በእጁ ባለ ሌላ ኩባንያ በኩል ሸጧል ሲል 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል መወሰኑን አስታወቀ። ያ ኩባንያ አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. ተዘግቶ ነበር። የሚከፈልበት ጠባቂ ደግሞ ለባንክ ሥራ፥ ለልጆች ጥበቃ፥ ለብዙ ኮምፒውተሮች በአንድነት የሚሆን ተጨማሪ ነገር ይሰጣል። ክፍያው ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት በርካሽ ቀርቦ ሁለተኛው ሊወደድ ይችላል። ዘንድሮ ከፍሎ ለከርሞ የማይከፍል ትምህርት ቤት ጊዜው ያለፈበትን ጠባቂ አምኖ ከሚቀመጥ፥ ከዊንዶውሱ ጋራ በመጣው ቢረጋ ይሻለዋል።

4ኛ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ ዝርዝሩ እንዴት ይታደሳል? ለገጠር ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። የዲፌንደር ዝርዝር በቀን ብዙ ጊዜ ይታደሳል። ኮምፒውተሩ መረብ የማያገኝ ከሆነ፥ መምህሩ ከተማ በወረደ ጊዜ የዝርዝሩን ማደሻ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ በፍላሽ አውርዶ ሊወስደው ይችላል። መጠኑ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ ፍላሹም አስቀድሞ የጸዳ መሆን አለበት። ሌላ ጠባቂ የሚመርጥ ሰውም ያ ጠባቂ እንዲሁ ያለ መረብ ሊታደስ ይችል እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አይግዛው።

5ኛ፤ የኮምፒውተሩ ኃይል ይችለዋልን? ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ ላፕቶፕ ላይ ከባድ ጠባቂ ቢጫን ሥራው ይንቀረፈፋል፤ የተሰላቸም ሰው ጠባቂውን ያጠፋዋል። ከዚህም በቀር ሁለት ሙሉ ጠባቂዎችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጫን ስሕተት ነው። አንዱ የአንዱን ሥራ እንደ ሌባ ሥራ እየቈጠረ ይጣላሉ፤ ኮምፒውተሩም ይደክማል። ሁለት ውሻ በአንድ ሰንሰለት ቢታሰር እርስ በርሱ ይናከሳል እንጂ ቤት አይጠብቅም። ስማዳቭ የተባለው የኢንዶኔዥያ ሥራ በተለይ ስለ ፍላሽ ይወደዳል፤ ነገር ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ተጨማሪ ጠባቂ ብለው ያቀርቡታልና በዋናው ጠባቂ ምትክ ሊቈጠር አይገባውም።

6ኛ፤ ማን መሰከረለት? ስለ ራሱ የሚመሰክር ሻጭ ምስክርነቱ አይበቃም። በጀርመን አገር ኤቪ ቴስት፥ በአውስትሪያም ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባሉ መርማሪ ድርጅቶች የታወቁትን ጠባቂዎች በየጊዜው እየፈተኑ ውጤታቸውን ለሁሉ ያወጣሉ። መመልከት የሚገባው የአንድ ጊዜ ውጤት ሳይሆን የሁለትና የሦስት ዓመት ተከታታይ ውጤት ነው፤ አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና ብቻ እንደማይመዘን ማለት ነው።

7ኛ፤ ከማን እጅ ይገኛል? በኢንተርኔት ሲዞሩ በድንገት፦ «ኮምፒውተርህ ተይዟል፤ ይህን ጫን» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፥ ያ ራሱ ሌባው የዘበኛ ልብስ ለብሶ ነው። ጠባቂ ከሠሪው ከራሱ ገጽ ይወረዳል፤ ከማያውቁት ሰው ፍላሽ ላይ አይገለበጥም። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ማለት ደግሞ ከሌባ የተገዛ ቁልፍ ማለት ነው። እንዲሁም የሠሪው አገርና የመንግሥታት ክርክር ጠባቂውን ሊያቋርጠው እንደሚችል ማወቅ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር የአሜሪካ መንግሥት የሩሲያው ካስፐርስኪ በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ። ድርጅቱ ክሱን አልተቀበለውም፤ ነገር ግን በዚያ አገር የነበሩ ደንበኞቹ ሌላ ጠባቂ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ላፕቶፑ ቤት ከደረሰ በኋላ

አሁን ወደ መምህሩ እንመለስ። ነጋዴው፦ «አንቲቫይረስ ልጫንልህን?» ባለው ጊዜ መምህሩ፦ «አስቀድሞ ዊንዶውሱ እውነተኛ መሆኑንና ዲፌንደሩ መሥራቱን አሳየኝ» ብሎ ይመልስ። ሐቀኛ ነጋዴ ይህን ለማሳየት አይከፋውም፤ በታይዋንም ሆነ በሌላ ገበያ ደንበኛውን ማቆየት የሚሻ ነጋዴ ብዙ ነውና።

ቤት በደረሰም ጊዜ እንደ አዲሱ በሬ ለብቻው ያቆየው። የትምህርት ቤቱን መዝገብ ወዲያው አይጫንበት። አሮጌ ዕቃ ከሆነ ዊንዶውሱን ከታመነ ምንጭ እንደገና ያስጭን። ቀጥሎ ማስተካከያዎቹን ሁሉ ይቀበል፤ የጠባቂውን ዝርዝር ያድስ፤ ኮምፒውተሩንም ሙሉ በሙሉ ያስመርምር። ጠባቂው ነቅቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ኤይካር የተባለው የአውሮጳ ማኅበር ያዘጋጀው 68 ፊደል ያለው የመሞከሪያ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ራሱ ጉዳት የለውም፤ ጠባቂዎች ሁሉ ግን እንደ ቫይረስ ቈጥረው እንዲይዙት ተስማምተዋል። ጠባቂው ዝም ካለ ተኝቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለሠራተኛው ሁሉ ደንብ ይጻፍ። ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሳይመረመር አይከፈት። ለፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄድ ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ በእርሱም ላይ ከሚታተመው ጽሑፍ በቀር ሌላ አይኑርበት። የየዕለቱ ሥራ የሚሠራበት መግቢያ ስምና ፕሮግራም የሚጫንበት መግቢያ ስም የተለያዩ ይሁኑ። በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ አስፈላጊ ማኅደሮችን ከቤዛ ጠያቂ የሚከልል መቈለፊያ አለ፤ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ ይክፈተው።

ስለ ሌላ ቅጂ

ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሰውም ያቋርጠዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን፥ ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት፥ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሞልቶ ቤቱን ጠራርጎ ወሰደ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰውም ሞተ። ያንን ሌሊት ያየ የድሬዳዋ ሽማግሌ ስለ ደረቅ ወንዝ ዳግመኛ አይታለልም።

የኮምፒውተርም ነገር ይህን ይመስላል። ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሆን ይሠራና ቫይረስ፥ የመብራት መዋዠቅ፥ ሌባ ወይም ጎርፍ በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ስለዚህ የጠባቂ ምርጫ ፍጻሜው ሌላ ቅጂ ነው። አስፈላጊ መዝገብ በሦስት ቅጂ ይኑር፤ ከሦስቱም አንዱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ አንዱም በሌላ ቤት፥ ከተቻለም ከወንዙ ማዶ ይኑር። ተሰክቶ የሚውል ቅጂ ቅጂ አይባልም፤ ቤዛ ጠያቂው እርሱንም ይቈልፈዋልና። የተማሪ ውጤት ደግሞ በየመንፈቁ በወረቀት ታትሞ፥ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት በሣጥን ይቀመጥ። አንድ ልጅ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር የአራት ዓመት ድካሙ የሚታወቀው በዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ቢጠፋ ልጁ መማሩን የሚመሰክርለት ምንድር ነው?

በሽታው ከገባ በኋላ

ኮምፒውተሩ ቢያዝ የመጀመሪያው ሥራ ከመረብና ከፍላሽ መለየት ነው። ሁለተኛው በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ የኢሜይልንና የባንክን የምስጢር ቃል መለወጥ ነው። ሦስተኛው ዊንዶውሱ ከመነሣቱ በፊት የሚደረገውን ምርመራ በዲፌንደር ማድረግ ነው። ይህ ካልበቃ ዊንዶውሱን እንደገና ጭኖ ከተቀመጠው ቅጂ መመለስ ይገባል። ለቤዛ ጠያቂ መክፈል ግን አይመከርም፤ ከፋዩ ጽሑፉን ለማግኘቱ ዋስ የለውም፤ ገንዘቡም ሌባውን ያበረታዋል።

ከፊሊፒንስ በተነሣው ትል ጊዜ የተጠረጠረው ሰው ሊቀጣ አልቻለም፤ በዚያ አገር ይህን ድርጊት የሚከለክል ሕግ ገና አልነበረምና። በኢትዮጵያ ግን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጥቷል፤ ኮምፒውተርን ለመጉዳት የተሠራ ፕሮግራም አውቆ ማሠራጨትም በአዋጁ ያስቀጣል። የአገሪቱን የመረብ ደኅንነት የሚከታተለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። እንግዲህ በጨዋታ ቫይረስ ለጓደኛው የሚልክ ተማሪ ቢኖር፥ መምህሩ ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን በጊዜ ያስረዳው።

ማጠቃለያ

የከብት በሽታ ጠፋ፤ እርሱ አሳብ የለውምና በክትባትና በትዕግሥት ተሸነፈ። የኮምፒውተር በሽታ ግን ሰው የሚጽፈው ስለ ሆነ ሰው እስካለ ድረስ በየቀኑ አዲስ ይወለዳል። ስለዚህ ከአንድ ጊዜ መድኃኒት ይልቅ የዘወትር ልማድ ይፈለጋል። የታደሰ ዊንዶውስ ግድግዳው ነው፤ አንድ የታመነ ጠባቂ ዘበኛው ነው፤ የባለቤቱ ጥንቃቄ የበሩ ቁልፍ ነው፤ ሌላው ቅጂ ደግሞ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል ነው። ከአራቱ አንዱ የጐደለበት ቤት ክፍት ነው።

ለመምህሩ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ገበሬው የገዛውን በሬ ለብቻው የሚያስረው ስለ ምንድር ነው? ይህ ለአዲስ ኮምፒውተር እንዴት ይሆናል?
2. በዋናክራይ ጊዜ የዳኑት ሰዎች አስቀድመው ምን አድርገው ነበር?
3. ፍላሹ ላይ ሾርትከት ብቻ ቢታይ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ምንስ አይደረግም?
4. ዝርዝሩ ያልታደሰ ጠባቂ ምን ዓይነት ዘበኛ ይመስላል?
5. ሁለት ጠባቂ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የማይጫነው ስለ ምንድር ነው?
6. የትምህርት ቤታችሁ መዝገብ ስንት ቅጂ አለው? ከቅጂዎቹ ስንቱ በሌላ ቤት ይገኛል? ተማሪዎቹ ከመምህሩ ጋራ ሄደው ይቊጠሩ።